የጎጃም ቀለበት፦ በኤምፒኤልኤስ ሌየር 3 ቪፒኤን ባካፕ መንገድ ገብቶ ሳለ ሲቆረጥ ለምን 3 ደቂቃ ይፈጃል?

ዳሞት_ኔት

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎጃምን በሁለቱም አውራ ጎዳናዎች በኩል የሚዞር የቅርንጫፎች ኔትወርክ (በኤምፒኤልኤስ፣ ማለትም ፓኬትን በሌብል ቁጥር የሚያሻግር) ላይ ፋስት ሪራውት (መስመር ሲቆረጥ ቀድሞ ወደተሰላ ባካፕ መንገድ በቅጽበት መዞር) እያስገባሁ ነው። ኮንፊጉ ያለ ስህተት ይገባል፤ መስመር ሲነቀል ግን ባካፑ እንደሌለ ነው የሚሆነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ ባሕር ዳር 1 – እንጅባራ – ፍኖተ ሰላም – ደብረ ማርቆስ – ደጀን – ቢቸና – ሞጣ – ባሕር ዳር 2፣ ከዚያ ተመልሶ ባሕር ዳር 1። 8 ራውተር፣ አንድ ቀለበት። ከሞጣ – ቢቸና ማይክሮዌቭ በስተቀር ሁሉም ፋይበር ነው። ኦኤስፒኤፍ (አጭሩን መንገድ በኮስት ድምር የሚመርጥ ፕሮቶኮል) በአንድ ኤሪያ፣ የሁሉም ሊንክ ኮስት 10፣ ኤልዲፒ (ሌብሎችን የሚያከፋፍል)፣ ራውት ሪፍሌክተሩ (የቪፒኤኑን መንገዶች በቢጂፒ ለሁሉም የሚያስተላልፈው) ደብረ ማርቆስ። ራውተሮቹ ሲስኮ አይኦኤስ ኤክስኢ ናቸው። ዋናው የሰርቨር ክፍል ባሕር ዳር ነው፤ አንድ መስመር ወደ ባሕር ዳር 1፣ ሌላ መስመር ወደ ባሕር ዳር 2 አለው። ባሕር ዳር 1 ሎካል ፕሪፈረንስ (የቢጂፒ ምርጫ ደረጃ፤ ትልቁ ያሸንፋል) 200 ስላለው ሥራው ሁሉ በእሱ ያልፋል፤ ባሕር ዳር 2 በ100 ተጠባባቂ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት 2 መስመሮች ከደጀን ይነሳሉ።

ያስገባሁት «ቢጂፒ አዲሽናል-ፓትስ ኢንስቶል» በሁሉም ፒኢ (ደንበኛ የሚገናኝበት የጠርዝ ራውተር) ላይ፣ በኦኤስፒኤፍ ደግሞ «ፋስት-ሪራውት ፐር-ፕሪፊክስ ኢኔብል ኤሪያ 0 ፕሪፊክስ-ፕራዮሪቲ ሎው» ነው። ከደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ ወደ ሰርቨሩ ፒንግ እየላክሁ የለካሁት፦

የእንጅባራ – ባሕር ዳር 1 ፋይበር ሲነቀል 40 ሰከንድ።
ከሰርቨር ክፍሉ ወደ ባሕር ዳር 1 የሚመጣው መስመር ሲነቀል 10 ሰከንድ ገደማ።
ባሕር ዳር 1 ራሱ ሲጠፋ 3 ደቂቃ።

ደብረ ማርቆስ ላይ የቪአርኤፉን (የቪፒኤኑ ለብቻው የተለየ የመንገድ ቴብል) ቢጂፒ ሳይ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ «ባካፕ» የሚል የለም። ምን ጎደለ? ማይክሮዌቩስ ባንድዊድዙ ትንሽ ስለሆነ ኮስቱን ወደ 50 ላንሳው?

ጊዮን

ወንድሜ፣ የለካሃቸው ሰከንዶች ግማሹን መልስ ይዘዋል። ትራፊክ የጠፋበት ጊዜ ራውተሩ ማንን ሲጠብቅ እንደቆየ ይነግርሃልና አንድ በአንድ እንያቸው።

40 ሰከንድ የኦኤስፒኤፍ ዴድ ታይመር ነው፤ ሄሎ 10፣ ዴድ 40። ፋይበሩ ሲነቀል ራውተሩ ፖርቱ መሞቱን አላየም ማለት ነው። በመሐል ሚዲያ ኮንቨርተር ወይም ስዊች አለህ፤ የሞተው ከኮንቨርተሩ ወዲያ ያለው ፋይበር ሲሆን ከኮንቨርተሩ እስከ ራውተሩ ያለው አጭር ገመድ አረንጓዴ መብራቱን እንዳበራ ነው። ባካፕ መንገድ አስቀድሞ ቢሰላም ቀስቃሽ ካላገኘ ተኝቶ ይቀራል። መፍትሔው ቢኤፍዲ (የጎረቤትን መሞት በአጫጭር ፓኬቶች ቶሎ የሚያውቅ) ነው። በኢንተርፌሱ ላይ «ቢኤፍዲ ኢንተርቫል 50 ሚን_አርኤክስ 50 መልቲፕላየር 3» በለው፤ በኦኤስፒኤፍ ውስጥ «ቢኤፍዲ ኦል-ኢንተርፌስስ»። 3 ጊዜ 50፣ በ150 ሚሊ ሰከንድ ሞቱን ያውቃል። ኮንቨርተሩን አውጥተህ ኤስኤፍፒውን (የፋይበር ሞጁሉን) ቀጥታ ራውተሩ ላይ ከሰካህ ደግሞ ብርሃን ሲጠፋ ፖርቱ ራሱ ይወድቃል፤ ከሁሉም ፈጣኑ እሱ ነው።

10 ሰከንዱ የቢጂፒ ሰንሰለት ነው። ባሕር ዳር 1 መንገዱን ይሰርዛል፣ ስረዛው ደብረ ማርቆስ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር 2 ይሄዳል፣ ባሕር ዳር 2 ያኔ ገና የራሱን መንገድ ያውጃል፣ እሱም በሪፍሌክተሩ ዞሮ ለሁሉም ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሆነው ሁለተኛው መንገድ ቀድሞ ስላልታወጀ ነው። የማይታወጅበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንዱን ብቻ ብታስተካክል ለውጥ አታይም።

የመጀመሪያው ባሕር ዳር 2 የባሕር ዳር 1ን የ200 መንገድ ከሪፍሌክተሩ ሲያገኝ የራሱን የ100 መንገድ ተሸናፊ አድርጎ ማወጁን ይተዋል። በቪፒኤንቪ4 (የቪፒኤን መንገዶች በቢጂፒ የሚታወጁበት) አድራሻ ቤተሰብ ስር «ቢጂፒ አድቨርታይዝ-ቤስት-ኤክስተርናል» ስትለው የተሸነፈውንም ቢሆን ከውጭ ያገኘውን መንገድ ያውጃል።

ሁለተኛው ራውት ዲስቲንጉሸሩ (ከፕሪፊክሱ፣ ማለትም ከአድራሻ ክልሉ ፊት የሚጨመረው መለያ ቁጥር) ነው። ሁለቱም ፒኢ ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ለሪፍሌክተሩ ሁለቱ አንድ ፕሪፊክስ ስለሆኑ አንዱን መርጦ አንዱን ይጥላል። ለምሳሌ ባሕር ዳር 1 65010:101 ከሆነ ባሕር ዳር 2ን 65010:201 አድርገው። ራውት ታርጌቱ (መንገዱ ወደየትኛው ቪአርኤፍ እንደሚገባ የሚናገረው ምልክት) ግን በሁለቱም አንድ ይሁን፤ እሱን ከነካህ ቅርንጫፎቹ መንገዱን ማስገባት ያቆማሉ። ጥንቃቄ፦ ዲስቲንጉሸር ለመቀየር ቪአርኤፉን ማጥፋት የሚጠይቅ ሶፍትዌር አለ፤ ቪአርኤፉ ሲጠፋ የኢንተርፌሶቹ አይፒ አድራሻም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለውጡን ባሕር ዳር 2 ላይ ብቻ አድርገው፤ ተጠባባቂው እሱ ነውና ቅርንጫፎቹ አይነኩም። ኮንፊጉን ቀድመህ ገልብጠህ ያዝ።

180 ሰከንድ የቢጂፒ ሆልድ ታይመር ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ይኼኛው ነው። ባሕር ዳር 1 ሲጠፋ ቢበዛ በ40ኛው ሰከንድ ሎፕባኩ (የራውተሩ መታወቂያ አድራሻ) ከኦኤስፒኤፍ መውጣት አለበት። ሎፕባኩ ሲወጣ ኔክስት ሆፑ (ቢጂፒ ፓኬቱን የሚልክበት ራውተር አድራሻ) ስለሚሞት ቢጂፒ ሆልድ ታይመሩን መጠበቅ የለበትም። የጠበቀው ኔክስት ሆፑ በሕይወት ያለ ስለመሰለው ነው። ባሕር ዳር 1ን አጥፋና አንድ ደቂቃ ቆይተህ ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ ሎፕባኩ የሚወስድ መንገድ እንዳለ ጠይቅ። የሚመልስልህን እዚህ ጻፍልን።

ቢቸና_ማዶ

የጊዮን መልስ ላይ አንድ ልጨምር። ኮንፊግህ ውስጥ የቪፒኤን ሌብል ሞድ «ፐር-ቪአርኤፍ» መሆኑን ተመልከት። ከሆነ ቤስት ኤክስተርናልን ከማስገባትህ በፊት ቀይረው፤ አለበለዚያ ሉፕ ትሠራለህ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። የባሕር ዳር 1 መስመር ተቆረጠ። ባሕር ዳር 1 ፓኬቱን የባሕር ዳር 2ን ሌብል ለጥፎ ላከ። ሌብሉ የቪአርኤፉ ሁሉ የጋራ ስለሆነ ባሕር ዳር 2 ሌብሉን አውልቆ አይፒውን በቪአርኤፉ ቴብል ውስጥ ይፈልጋል። ስረዛው ገና ስላልደረሰው ምርጡ መንገድ አሁንም የ200ው ባሕር ዳር 1 ነው። ስለዚህ ወደዚያው ይመልሰዋል። ቲቲኤሉ (ፓኬቱ የቀረው የዝላይ ቁጥር) እስኪያልቅ ሁለቱ ይቀባበሉታል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሊንክም ለዚያች ጊዜ ይጨናነቃል።

«ፐር-ፕሪፊክስ» ወይም «ፐር-ሲኢ» (ለየደንበኛው ራውተር የተለየ ሌብል) ሲሆን ግን ሌብሉ ራሱ ወደ ሰርቨር ክፍሉ መስመር ያመለክታል። ባሕር ዳር 2 ቴብል ሳያይ ቀጥታ ያወጣዋል። ሌብል ያልቅብኛል ብለህ አትስጋ፤ ሌብል 20 ቢት ነው፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቁጥር አለው፤ የራውተሩ የራሱ ገደብ ከዚያ ቢያንስም ለጥቂት መቶ ፕሪፊክስ ይበቃል። ሞዱን ስትቀይር ሌብሎቹ በሙሉ እንደ አዲስ ስለሚታወጁ ለአፍታ መቆራረጥ ይኖራል፤ በሥራ ሰዓት አይሁን።

አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ሁለቱም የሰርቨር ክፍሉ መስመሮች በአንድ ጊዜ ከተቆረጡ ሁለቱ ፒኢዎች ቢጂፒው እስኪረጋ አንዱ ወደ ሌላው ይልካሉ። እዚያ ላይ የሚጠፋ አገልግሎት ስለሌለ የሚያሳስብ አይደለም፤ ሎጉ ላይ ስታየው እንዳትደነግጥ ነው።

ዳሞት_ኔት

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ጊዮን፣ እንዳሉት ባሕር ዳር 1ን አጥፍቼ ሎፕባኩን 10.255.0.1 ደብረ ማርቆስ ላይ ጠየቅሁ። /32ው (የዚያ አንድ አድራሻ ብቻ መንገድ) ጠፍቷል፤ ነገር ግን 10.255.0.0/24 የሚል (ያንን አድራሻ ከሌሎች ጋር የሚያጠቃልል) መንገድ ከደጀን ይመጣል። የማኔጅመንት አድራሻዎቹን ለአዲስ አበባ በአንድ ላይ ለማወጅ ደጀን ላይ ወደ ኑል (ፓኬት ወደሚጣልበት) የተጻፈ ስታቲክ ነበር፤ እሱ ነው ወደ ኦኤስፒኤፍ ሪዲስትሪቢዩት የተደረገው።

ሌብል ሞዱም ፐር-ቪአርኤፍ ነበር፤ ቀይሬዋለሁ። ዲስቲንጉሸሩም ቤስት ኤክስተርናሉም ገብተዋል፤ አሁን ደብረ ማርቆስ ላይ «ባካፕ/ሪፔር» የሚል ሁለተኛ መንገድ ይታያል። ቢኤፍዲን ግን ማይክሮዌቩ ላይ 50 በ3 ሳደርገው ዝናብ ሲመጣ ይወድቃል ይነሳል።

ጊዮን

ችግሩ እሱ /24 ነው። /32ው እያለ ማንም አይነካውም፤ /32ው ሲሞት ቢጂፒ «ወደ 10.255.0.1 መንገድ አለኝ» ብሎ ይቀመጣል፤ መንገዱ ግን ደጀን ደርሶ ኑል ውስጥ የሚገባ ነው። ከ40ኛው እስከ 180ኛው ሰከንድ ፓኬቶችህ የጠፉት በዚህ ነው።

መጀመሪያ ሪዲስትሪቢዩሽኑን አውጣው፤ ለአዲስ አበባ የሚታወጀው ወደ ጎጃም ቀለበት የሚገባበት ምክንያት የለም። ቀጥሎ ነገ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ነገር ቢያስገባ እንዳይጎዳህ በየፒኢው ላይ ኔክስት ሆፕ በ/32 ብቻ እንዲፈታ እሰረው፦ «0.0.0.0/0 ጂኢ 32» የሚል ፕሪፊክስ ሊስት፣ እሱን የሚያይ ራውት ማፕ፣ በቪፒኤንቪ4 ስር «ቢጂፒ ኔክስትሆፕ ራውት-ማፕ»። ዲፎልት ራውትም ሆነ ሰመሪ ሞቶ የቀረን ፒኢ በሕይወት ያለ አያስመስልብህም።

ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር 1 ሲጠፋ እንጅባራና ባሕር ዳር 2 በቢኤፍዲ ያውቃሉ፣ ሁለቱም ሊንኩ የለም ብለው ያውጃሉ፣ ኤስፒኤፍ (የኦኤስፒኤፍ የአጭር መንገድ ስሌት) ሲሰላ ባሕር ዳር 1 የማይደረስ ይሆናል፣ /32ው ይወጣል። የኤስፒኤፍን ታይመር ግን አረጋግጥ፤ አሮጌ አይኦኤስ የመጀመሪያውን ስሌት 5 ሰከንድ ያቆየዋል። «ታይመርስ ትሮትል ኤስፒኤፍ 50 200 5000» በለው። ፕሪፊክሱ 10ም ይሁን 10,000 ሁሉም በአንድ ኔክስት ሆፕ ላይ ስለተንጠለጠሉ የሚዞሩት አንድ ላይ ነው።

ማይክሮዌቩን በተመለከተ፦ ዝናብ ሲጠነክር ሬዲዮው ሞዱሌሽኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ባንድዊድዝ ይቀንሳል፣ ወረፋው ይረዝማል፣ የቢኤፍዲ ፓኬቶችም እዚያ ወረፋ ውስጥ ይዘገያሉ። መስመሩ አልሞተም፤ አንተ ግን ሞተ ብለህ ታውጃለህ። እዚያ ላይ 300 በ3 አድርገው፣ 900 ሚሊ ሰከንድ። በክረምት በየሰዓቱ ከሚወድቅና ከሚነሳ ሊንክ አንድ ሰከንድ የሚዘገይ ይሻላል። በሬዲዮው በራሱ የኪውኦኤስ (የቅድሚያ አሰጣጥ) ቅንብር ላይም ሲኤስ6 (የቁጥጥር ፓኬቶች) ምልክት ያለው ፓኬት ቅድሚያ እንዲያገኝ አድርግ፤ ራውተሩ ላይ ብቻ ማድረግ አይበቃም።

የመመለሻው መንገድም አይረሳ። እስካሁን ያወራነው ከቅርንጫፍ ወደ ሰርቨር ስለሚሄደው ነው። መልሱ የሚወጣው ከሰርቨር ክፍሉ ራውተር ነው፤ እሱና ባሕር ዳር 1 በስዊች በኩል የሚገናኙ ከሆነ የእሱም ቢጂፒ 180 ሰከንድ ይጠብቃል። በሁለቱም ፒኢ በኩል ቢኤፍዲ ክፈትና ለጎረቤቱ «ፎል-ኦቨር ቢኤፍዲ» ጨምር። ኤኤስ-ኦቨርራይድ (ቢጂፒ ሉፕን የሚያውቅበትን የደንበኛ ኤኤስ ቁጥር የሚተካ) የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ በሁለቱ መስመሮች ላይ አንድ ዓይነት ሳይት-ኦፍ-ኦሪጂን (መንገዱ ከየት እንደተነሳ የሚያሳይ ምልክት) አድርግ፤ የሰርቨር ክፍሉ የራሱ መንገድ በሌላኛው በር እንዳይመለስበት።

ሰከላ_ፒ

የኮስቱን ጥያቄ ማንም አልነካውም። ወደ 50 አታንሳው። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይህ።

ተራ ኤልኤፍኤ (ባካፕ የሚሆን ጎረቤት የሚመርጠው፣ አንተ ያስገባኸው የፋስት ሪራውት ዘዴ) ቀለበት ላይ አይሠራም። ባሕር ዳር 1 ወደ እንጅባራ የሚወስደውን ሊንክ ለመጠበቅ ያለው ሌላ ጎረቤት ባሕር ዳር 2 ብቻ ነው። ሕጉ፦ ከጎረቤቱ እስከ መድረሻው ያለው ኮስት፣ ከጎረቤቱ ወደ አንተ ተመልሶ በአንተ በኩል ከሚሄደው ማነስ አለበት። ከባሕር ዳር 2 እስከ እንጅባራ 20 ነው። ወደ ባሕር ዳር 1 ተመልሶ 10፣ ከዚያ እስከ እንጅባራ 10፣ ድምሩ 20። 20 ከ20 አያንስም። ፍኖተ ሰላምም 30 በ30 ነው። ስለዚህ ያስገባኸው ትእዛዝ ምንም የሚያገኘው የለም።

የሚያስፈልግህ ሪሞት ኤልኤፍኤ ነው፦ «ፋስት-ሪራውት ፐር-ፕሪፊክስ ሪሞት-ኤልኤፍኤ ኤሪያ 0 ተነል ኤምፒኤልኤስ-ኤልዲፒ»። ራውተሩ ሁለት ጠባይ ያለው ራቅ ያለ ራውተር ይፈልጋል፤ ከባሕር ዳር 2 ተነስቶ የተቆረጠውን ሊንክ ሳይነካ የሚደረስበት፣ ከዚያም ተነስቶ ሊንኩን ሳይነካ እንጅባራ የሚያደርስ። ሁሉም ኮስት 10 ሲሆን ከባሕር ዳር 2 ሞጣ፣ ቢቸናና ደጀን ይደረሳሉ፤ ደብረ ማርቆስ በሁለቱም አቅጣጫ 40 ስለሆነ አይቆጠርም። ወደ እንጅባራ በሰላም የሚያደርሱት ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስና ደጀን ናቸው። የሚገጥመው ደጀን ብቻ ነው።

አሁን ማይክሮዌቩን 20 አድርገው፦ ደጀን ከባሕር ዳር 2 በሞጣ በኩል 40፣ በእንጅባራ በኩል 50 ስለሆነ አሁንም ይገጥማል። ይሠራል። 30 ካደረግኸው ግን በተቃራኒው፣ እንጅባራ ወደ ባሕር ዳር 1 ሲልክ የሚገጥመው ያጣል፤ 50 ስታደርገው ደግሞ ከባሕር ዳር 2 ደጀን ይወጣል፣ ቢቸናም በሁለቱም አቅጣጫ 60 ይሆናል፤ የሚገጥም ራውተር ይጠፋል፤ ጥበቃ የለህም። ትእዛዙ ኮንፊግ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል፣ ስህተት አይሰጥም፣ ባካፕ ግን አይሠራም። ኮስቱን ከፍ አድርገህ ጥበቃም ከፈለግህ ሰግመንት ራውቲንግና ቲአይ-ኤልኤፍኤ (ራውተሩ ራሱ ሌብል ደራርቦ ፓኬቱን በባካፑ የሚመራበት) ነው መንገዱ።

ደጀን ላይ «ኤምፒኤልኤስ ኤልዲፒ ዲስከቨሪ ታርጌትድ-ሄሎ አክሰፕት» ማለትህን አትርሳ። ባሕር ዳር 1 ከደጀን ጋር ጎረቤት ሳይሆን የኤልዲፒ ሴሽን መክፈት አለበት፤ ደጀን ካልተቀበለው ተነሉ አይቆምም። ከሎፕባኮችህ በቀር ማንም እንዳይገባ በአክሰስ ሊስት እሰረው። ለሌሎቹ ሊንኮች የሚገጥመው ራውተር ሌላ ስለሚሆን ሁሉም ራውተር ላይ ይግባ።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ኤምቲዩው (መስመሩ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ላይ ነው። በደህና ቀን ፓኬትህ 2 ሌብል አለው፤ 1500 ላይ 8 ባይት ተጨምሮ 1508። ባካፑ ሲሠራ 3 ይሆናል፦ ከላይ ወደ ደጀን የሚወስደው፣ ከስሩ ደጀን ለመድረሻው ፒኢ የሰጠው፣ ከታች የቪፒኤኑ። 1512። መስመሮችህ 1508 ብቻ የሚያሳልፉ ከሆነ ፋይበር በተቆረጠ ቁጥር ፒንግ ይሄዳል፣ ሎግኢን ይከፈታል፣ ትልቅ ፋይል ግን ይቆማል። የሬዲዮውን ፍሬም መጠን ከሁሉ በፊት እይ፤ ከቻለ 9000 በላይ፣ ካልቻለ ቢያንስ 1530። የኢንተርፌስ ኤምቲዩ ስትቀይር በሁለቱም ጫፍ እኩል አድርግ፤ ካልተስማሙ ኦኤስፒኤፍ ኤክስስታርት (ጎረቤትነት ሳይሞላ ያለ ደረጃ) ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሙከራው ፋይበሩ ተነቅሎ ሳለ ከቪአርኤፉ ውስጥ በ1500 መጠን፣ በዲኤፍ ቢት (ፓኬቱ እንዳይከፋፈል በሚያዝ ምልክት) የሚላክ ፒንግ ነው። ፋይበሩ ተሰክቶ ሳለ ብትሞክረው ምንም አይነግርህም።

ዳሞት_ኔት

ሁሉንም አስገብቻለሁ፤ ማይክሮዌቩን 20 አድርጌዋለሁ፣ ኤምቲዩውም 9000 በላይ ሆኗል። በየ10 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ፒንግ እየላክሁ የጠፉትን ቆጠርሁ። የእንጅባራው ፋይበር ሲነቀል 16 ፓኬት፣ 160 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። የሰርቨር ክፍሉ መስመር ሲነቀል 4። ባሕር ዳር 1 ሲጠፋ 70 ገደማ፣ ከአንድ ሰከንድ በታች። በ1500 መጠንም ያልፋል።

አንድ የቀረኝ፦ የእንጅባራውን ፋይበር መልሼ ስሰካው 12 ሰከንድ ይቋረጣል። ሲነቀል ያልጠፋ ሲመለስ ይጠፋል።

ጊዮን

ፋይበሩ ሲመለስ ኦኤስፒኤፍ ከኤልዲፒ ቀድሞ ይነሳል። ትራፊኩ ወዲያው ወደዚያ ይዞራል፤ እንጅባራ ግን ሌብል ገና አልሰጠም። የላይኛው ሌብል ከሌለ የቪፒኤኑ ሌብል ብቻውን ተገልጦ ይሄዳል፣ የሚቀበለው ራውተር ስለማያውቀው ይጥለዋል።

በኦኤስፒኤፍ ስር «ኤምፒኤልኤስ ኤልዲፒ ሲንክ» በለው፤ ኤልዲፒው እስኪሞላ ሊንኩን በ65535 ኮስት ያውጃል፣ ማንም አይመርጠውም። በተጨማሪ «ኤምፒኤልኤስ ኤልዲፒ ሴሽን ፕሮቴክሽን» አድርግ፤ ፋይበሩ በተቆረጠበት ጊዜ የሁለቱ ራውተሮች ሴሽን በሌላኛው አቅጣጫ ዞሮ ይቆያል፣ ሌብሎቹም አይጠፉም። ሁለቱን በሁሉም ራውተር ላይ አስገባ፤ በአንድ ጫፍ ብቻ የገባ ሲንክ የሚጠብቀው አንዱን አቅጣጫ ነው።

ሰከላ_ፒ

ስለ ደጀን አንድ ነገር። ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት ሁለቱ መስመሮች የአባይን ገደል የሚወርዱት በአንድ ቦይ ከሆነ ለራውተሩ ሁለት፣ ለናዳው አንድ ናቸው። የቦዩን ካርታ ከመስመሩ ባለቤት ጠይቅና ምሰሶና ማንሆል ሳይቀር አነጻጽር። በአንድ ቦይ ከሆኑ ሁለቱንም ኢንተርፌስ «ኤስአርኤልጂ ጂአይዲ 10» ብለህ በአንድ ቡድን አስገባቸው፤ በባካፕ ምርጫው ላይም ኤስአርኤልጂን ቅድመ ሁኔታ አድርግ፤ ራውተሩ አንዱን የሌላው መጠባበቂያ ማድረጉን ይተዋል። ያኔ ባካፕ የሚሆነው ሌላ መውጫ ካለህ ብቻ ነው፤ ከባሕር ዳር በወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ወልድያና ደሴ በኩል የሚወርድ መስመር ገደሉን ጭራሽ አይነካም። አነስተኛ አቅም ቢሆንም እሱን ተከራይ፤ የድምፅና የክፍያ ትራፊኩን በኢኤክስፒ (ሌብሉ ውስጥ ባለ የቅድሚያ) ምልክት ለይተህ በጠባቡ መስመር ላይ ቅድሚያ ስጠው፣ የፋይል ኮፒው ይጠብቅ። ማይክሮዌቩም ላይ ያንኑ አድርግ፤ ምዕራቡ ሲቆረጥ የጎጃም ትራፊክ ግማሹ በሞጣ – ቢቸና ያልፋል።